ደላላው «ከተማው እዚያ መድረሱ አይቀርም» አለን

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ማርቆስ የምኖር ነርስ ነኝ፤ ባለቤቴ መምህር ነው። ሁለት ልጆች አሉን። አሥራ አንድ ዓመት በኪራይ ኖረናል። አሁን ከእቁብ፣ ከቁጠባና ከዘመድ ብድር ያሰባሰብነው 2 ሚሊዮን ብር ገደማ አለን። ሦስት ቤት ታይቶልናል። አንዱ መሀል ከተማ ያለ አሮጌ ቤት ነው። ነባር ይዞታ ነው (ከሊዝ በፊት የተያዘ)፣ ካርታም አለው፤ ግን ካርታው በሟች እናታቸው ስም ነው። ከእኛ ጋር የሚነጋገረው ታላቅ ወንድምየው ነው፤ ዋጋውም ካለን ትንሽ ያልፋል። ሁለተኛው ማስፋፊያው ላይ ያለ የሊዝ ቦታ (ከመንግሥት ለተወሰኑ ዓመታት በክፍያ የተያዘ) ነው፤ መሠረቱ ወጥቶ ቆሟል። ሦስተኛው ከከተማው ወጣ ብሎ በጎዛምን ወረዳ በኩል 300 ካሬ ነው። ጭቃ ቤት አለበት፣ መብራትም ገብቶለታል። 600 ሺህ ብር ነው። የባለቤቴ ልብ ያለው እዚህ ነው። ገበሬው «ሽያጭ ተብሎ አይጻፍም፤ የብድር ውል እንዋዋል» ብሏል። ደላላው ደግሞ «ከተማው እዚያ መድረሱ አይቀርም፣ ያኔ ይጸድቅላችኋል» ይላል። ሳልነግርዎ እንዳላልፍ፣ ባለቤቴ 50 ሺህ ብር ቀብድ ከፍሏል። የትኛውን እንግዛ?

መልስ፦ እህቴ፣ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ላይ ቢጽፏት ኖሮ ልቤ ቀደም ብሎ ይመታ ነበር። የቀብዱን ነገር መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ። እስከዚያው ግን አንድ ነገር ልለምንዎ፤ ባለቤትዎ የብድር ውል የሚባለውን ወረቀት እንዳይፈርሙ።

እኔ ቤት ሊገዙ የሚመጡ ሰዎችን ስለ ሰፈሩ ከመጠየቄ በፊት የምጠይቃቸው ሌላ ነገር ነው። ሻጩ ይህን ቤት በእርስዎ ስም ሊያዞርልዎ ይችላል ወይ? ከመሀል ከተማ የሚያስኬደው ርቀት፣ የክረምቱ ጭቃ፣ የውሃ ፈረቃው፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት ሁሉም ቁም ነገር ነው። ግን ከዚህ ጥያቄ ቀጥሎ ነው የሚመጣው። ስም የማይዞርበት ቤት ውስጥ የሚኖሩት ሌላው ሰው እስከፈቀደ ድረስ ነው።

ከሦስተኛው ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚያ ላይ ነውና። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። የክልላችን የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009ም ገበሬው ይዞታውን እንዲሸጥ አይፈቅድም። ማከራየት ይችላል፣ ለልጆቹ ማውረስ ይችላል። ስጦታም ቢሆን ለፈለገው ሰው ሁሉ አይደለም። ስለዚህ ገበሬው አሳልፎ ሊሰጥዎ የሚችለው መብት በእጁ የለም። ለዚህም ነው «ሽያጭ ተብሎ አይጻፍም» ያለው። እሱም ያውቃል ማለት ነው።

«እኛ የምንገዛው መሬቱን ሳይሆን ቤቱን ነው» የሚል ክርክር በየጊዜው እሰማለሁ። ከተማ ውስጥ ይህ ያስኬዳል፤ ቤቱ በሕጋዊ መንገድ ሲሸጥ የቦታው የመጠቀም መብትም አብሮ ይሄዳል። ገጠር ላይ ግን ቤቱ የቆመበት መሬት በገበሬው የይዞታ ደብተር ላይ የተጻፈ ነው። ደብተሩ ደግሞ ከሽያጩ ጋር አይሄድም። የመብራት ቆጣሪም የሚያሳየው መብራት መግባቱን ብቻ ነው። የቀበሌ ደረሰኝም እንዲሁ። የባለቤትነት ማስረጃ የሚሆነው ሥልጣን ያለው አካል የሰጠው የይዞታ ማረጋገጫ ነው።

አሁን ወደ «ብድሩ» ልምጣ። ብልሃቱ እንዲህ ነው። ወረቀቱ ላይ ገበሬው ከባለቤትዎ 600 ሺህ ብር ተበደረ ተብሎ ይጻፋል፣ እናንተ ቦታው ላይ ትገባላችሁ፣ ሁሉም በመተማመን ይቀመጣል። ለጥቂት ዓመታት ይሠራል። ከዚያ የቦታው ዋጋ ይንራል። ገበሬው ያርፋል፣ ወይም ልጆቹ ያድጋሉ። አንድ ቀን አንዱ ልጅ 600 ሺህ ብር ይዞ ይመጣና «የአባቴ ብድር ይኸው፣ ከመሬታችን ውጡልን» ይላል። ፍርድ ቤት ሄደው «ኧረ ሽያጭ ነበር» ቢሉ ሕገ ወጥ ውል ማድረግዎን በራስዎ አንደበት መናገርዎ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1716 ላይ ጉዳዩ ሕገ ወጥ የሆነ ውል አይጸናም ይላል። «ብድር ነበር» ካሉ ደግሞ ብድርዎን ይቀበላሉ። በዚያ ገንዘብ ያኔ ምን እንደሚገዛ እርስዎ ይገምቱ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ነው ነገሩ።

በነገራችን ላይ በክልላችን የገጠር ይዞታ ደብተር ባልና ሚስት ካሉ የሁለቱም ስም ያለበት ነው። እስካሁን ከገበሬው ሚስት ጋር ተነጋግራችኋል? ጥያቄዎ ውስጥ አንድም ቦታ አልተነሱም።

ደላላው «ከተማው መድረሱ አይቀርም» ያለው ላይ አልጣላውም፤ ምናልባት እውነቱን ነው። ግን ከተማው ሲደርስ ምን እንደሚሆን አልነገራችሁም። ከተማ ሲሰፋ መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም ይለቀቃል። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ካሳ የሚከፈለው ለሕጋዊ ባለ ይዞታ ነው። ባለ ደብተሩ ካሳውን ይቀበላል፣ እናንተ ቆርቆሮውን ትነቅላላችሁ። «ይጸድቃል» የሚለው ተስፋ ከሜዳ አልመጣም። የሊዝ አዋጁ ያለ ፈቃድ የተያዙ አንዳንድ ይዞታዎች ከከተማው ፕላን ጋር የሚሄዱ ከሆነ ሥርዓት እንዲይዙ መንገድ ከፍቶ ነበር። ያ የተነገረው ግን ቀድሞ ለተፈጠረ ችግር ነው። ዛሬ ለሚገዛ ሰው የተሰጠ ቃል አይደለም። በዚህ ተስፋ 600 ሺህ ብር ማውጣት ላም አለኝ በሰማይ ነው። ሦስተኛውን ተዉት።

ሁለተኛው፣ የሊዝ ቦታው፣ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። ልዩነቱ ያለው ግንባታው ላይ ነው። የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ግንባታው ከግማሽ ያልደረሰ የሊዝ ቦታ እንደ ልብ እንዲሸጥ አይፈቅድም። ግማሽ የሚባለው በዓይን ግምት አይደለም። ለቪላ ቤት መሠረቱ፣ ቋሚዎቹና የላይኛው ማሰሪያ ቢም ማለቅ አለባቸው። እርስዎ እንደነገሩኝ የወጣው መሠረቱ ብቻ ነው። በዚህ ደረጃ በሕጋዊ መንገድ ቢተላለፍ ሻጩ የሚያገኘው የከፈለውን ሊዝ ከባንክ ወለድ ጋር፣ የሠራውን ግንባታ ዋጋና የመተላለፊያውን የሊዝ ዋጋ 5 በመቶ ነው። የቀረው የከተማው አስተዳደር ነው። ሻጮች ይህን ስለማይወዱት ነው ውጭ ውጭውን በውክልና የሚሸጡት።

እና ሻጩ «ውክልና እሰጣችኋለሁ፣ በእኔ ስም ሠርታችሁ ጨርሱት፣ ከዚያ ስም እናዞራለን» ቢልስ? ይላል፤ ሁሉም ይላል። ውክልና በማንኛውም ቀን ይሻራል። ሻጩ ቢሞትም ያበቃል። እናንተ ግን ብሎኬታችሁን ደርድራችኋል። እኔ ብሆን ሻጩን «ራስህ ቢሙን አስረህ ና፣ ያኔ እንነጋገር» እለዋለሁ። የዋጋ ጭማሪ ቢጠይቅ እንኳ ይሻላል። ቢሙን ከጨረሰ ደግሞ ዋናውን የሊዝ ውል እዩ። ምን ያህሉ ሊዝ ተከፍሏል? ምን ያህል ቀርቷል? ግንባታው የሚያልቅበት ቀን አልፏል ወይ? ቀሪው የሊዝ ዕዳ ወደ እናንተ ነው የሚዞረው። ስለዚህ ከዋጋው ላይ ታስቦ መነሳት አለበት። ቦታው በማኅበር የተሰጠ ከሆነ ደግሞ የማስተላለፍ ገደብ እንዳለበትና እንደሌለበት ከማዘጋጃ ቤት ሳታረጋግጡ አንድ ብር እንዳትከፍሉ።

ወደ አሮጌው ቤት ልምጣ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ጥያቄዎን ሳነብ ልቤ ያረፈው እዚህ ነው። ጣሪያው ያፈስስ ይሆናል፣ ግድግዳው ይነቀል ይሆናል። ጣሪያ ግን በገንዘብ ይጠገናል። ችግሩ የሻጮቹ ቁጥር ነው። እናትየው ስላረፉ ቤቱ የወራሾቹ ሁሉ ነው። ታላቅ ወንድም መሆን ብቻውን የመሸጥ ሥልጣን አይሰጥም። መጀመሪያ ከፍርድ ቤት የተሰጠ የወራሽነት ማስረጃ ይጠይቁ። ያ ማስረጃ ስንት ሰው እንደሚዘረዝር ይቁጠሩ። ከዚያ ሁሉም ይፈርሙ። አንዷ እህት አዲስ አበባ ወይም ዓረብ አገር ከሆነች ውክልና ትላክ።

ውክልናውን ደግሞ አንብቡት! በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 መሠረት ጠቅላላ ውክልና የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ አይበቃም። «ይህን ቤት እንዲሸጥልኝ» ተብሎ ለይቶ መጻፍ አለበት። አሁን አሁን አገሩ ሲረበሽ ብዙ ሰው ወጥቶ ስለሄደ ብዙ ሽያጭ በውክልና ሆኗል። ስለዚህ ውክልናው አሁንም የጸና መሆኑን ከሰጠው ቢሮ አጣሩ። እንደዚህ ያለ ጉዳይ ይዞ የመጣ ደንበኛ አጋጥሞኛል። ወንድምየው እናቱ በሕይወት ሳሉ የሰጡትን ውክልና ይዞ ሸጠለት። ውክልናው ማኅተም አለው፣ ቁጥር አለው፣ ሁሉም ያማረ ነው። ግን እናትየው ከሞቱ ስምንት ወር አልፏቸዋል። ውክልናው አብሯቸው ሞቷል። ደንበኛዬ ገንዘቡን ለማስመለስ የሄደበትን መንገድ ለጠላቴም አልመኝም።

ሌላው ሰው የማያስበው ነገር ነባር ይዞታው ነው። በሊዝ አዋጁ መሠረት ነባር ይዞታ ከውርስ ውጭ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ገዢው የሚይዘው በሊዝ ነው። ማለትም ወራሾቹ በነባር ይዘውት ቢቆዩም እርስዎ ሲገዙት የሊዝ ውል ይፈርማሉ። ይህ ወጪ አለው። የቴምብር ቀረጥም አለ፤ የ1990ው አዋጅ ለባለቤትነት ማዛወሪያ ሰነድ 2 በመቶ ነው የሚለው። ዋጋው «ትንሽ ያልፋል» ስላሉኝ እነዚህን ሁሉ ማዘጋጃ ቤት ሄደው አስደምሩና ትንሽ መሆኑን ያኔ እንይ። ከሻጮቹ ጋር ስትደራደሩም «የስም ማዛወሪያ ወጪ በማን?» የሚለው በቃል አይቅር።

ውሉን በተመለከተ ባጭሩ። ሰፈር ውስጥ በሦስት ምስክር የተጻፈ ወረቀት አይበቃም። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ ፈራሽ ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2877 ነው። ቁጥር 1723 ደግሞ ፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲደረግ ያዛል። ከመፈረማችሁ በፊት ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን፣ በመዋቅራዊ ፕላኑ መንገድ የማይነካው መሆኑን በደብዳቤ አስጠይቁ። ከሻጮቹ ያገባ ካለና ንብረቱ የጋራ ከሆነ የትዳር ጓደኛውም ይፈርም። በእናንተም በኩል እርስዎና ባለቤትዎ ሁለታችሁም ገዢ ተብላችሁ ግቡ። ገንዘቡን ያሰባሰባችሁት አብራችሁ ነውና።

አሁን የ50 ሺህ ብሩ ነገር። ባለቤትዎ «ገበሬው ቃሉን ካፈረሰ እጥፍ ይከፍላል» ብለው አስበው ይሆናል። ቁጥር 1885 ቀብድ ሰጪ ውሉን ቢተው ቀብዱ እንደሚቀር፣ ተቀባይ ቢተው እጥፍ እንደሚመልስ ይደነግጋል። ግን ይህ የሚሠራው ሊጸና ለሚችል ውል ነው። ሕግ የማያውቀው የመሬት ሽያጭ ላይ እናንተ እጥፍ መጠየቅ አትችሉም። እሱም «ተዋችሁት፣ ቀብዱ ቀረ» ማለት አይችልም። ውሉ ሲፈርስ ሁለቱም ወደ ነበሩበት መመለስ ነው፤ 50 ሺህ ብሩም ይመለሳል።

ነገር ግን ወዲያው ክስ አትክሰሱ። ገበሬው ገንዘቡን ለበሬ ወይም ለማዳበሪያ አውሎት ይሆናል። እሱ የሚያከብራቸውን ሁለት ሦስት ሽማግሌዎች ይዛችሁ ሂዱ። በቁጣ ሳይሆን «ሕጉ አልፈቀደልንም» ብላችሁ አስረዱት። አሁን ከሌለው እህል እስኪገባ ድረስ ጊዜ ስጡት። ግን ገንዘቡን መቀበሉን፣ የሚመልስበትንም ቀን የሚገልጽ ወረቀት ያስፈርሙት። ወረቀቱ ላይ ስለ ቦታው አንዲት ቃል እንዳትገባ። ሚስቱም ካሉ ይፈርሙበት። ደላላው ኮሚሽን ከተቀበለ እሱንም አብራችሁ ጥሩት፤ የመጣ እንደሆነ።

የሊዝ ውሉንና የወራሽነት ማስረጃውን ኮፒ ስታገኙ ላኩልኝ፤ ከመፈረማችሁ በፊት አነበዋለሁ።