ለትንሿ ዩኩሌሌ ምን ዓይነት ስታንድ ይሻላል? ጥያቄና መልስ

ዩኩሌሌ ጊታር የምትመስል ትንሽ ባለ አራት ክር የሙዚቃ መሣሪያ ናት። ስለ ማስቀመጫ ስታንዷ የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ አንድ ላይ ብናወራው ይሻላል ብዬ ዛሬ ቁጭ ብያለሁ። ሶፕራኖዬ፣ ማለትም ከተለመዱት አራት የዩኩሌሌ መጠኖች ትንሿ፣ አጠገቤ ናት፤ ሜትርም ይዣለሁ። ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ። ሶፕራኖ ዩኩሌሌ ገዛሁ። ቤት ውስጥ የጊታር ስታንድ አለ። ሌላ ወጪ ሳላወጣ እሱ ላይ ባስቀምጣት ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ትወድቅብሃለች። አብዛኛው ችግር የሚጀምረው እዚህ ላይ ስለሆነ በደንብ ላስረዳህ።

የጊታር ስታንድ ከታች ሁለት ክንዶች አሉት። የጊታሩ ሆድ እነሱ ላይ ይቀመጣል። በክንዶቹ መሃል ያለው ክፍተት የተሠራው ለጊታር ስፋት ነው። የትልቅ ጊታር ሆድ በሰፊው ቦታ ወደ 40 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። የሶፕራኖ ግን 17 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ ወይ በክንዶቹ መሃል ሾልካ ትወርዳለች፣ ወይ ጠርዟ ብቻ ተይዞ ትንጠለጠላለች። ውፍረቱም ሌላ ጣጣ ነው። ጊታር 10 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ይወፍራል፤ ሶፕራኖ 6 ቢሆን ነው። በተረፈው ቦታ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ትንሸራተታለች። ከላይ የአንገት መደገፊያ ያለው ረጅም ስታንድ ከሆነማ ጭራሽ አትደርስበትም። ከታች እስከ ላይ 53 ሴንቲ ሜትር ገደማ ናት እኮ።

ሰው "ትንሽ ጊታር" ይላታል እንጂ ዩኩሌሌ ከጊታር ተቀንሳ የተሠራች አይደለችም። በ1879 እ.ኤ.አ. ከማዴይራ ደሴት ወደ ሃዋይ የተሻገሩ ፖርቱጋላውያን ይዘዋት ከሄዱት ማሼቴ ከምትባል ትንሽ ባለ አራት ክር መሣሪያ የተወለደች ናት። የራሷ ልክ አላት። ስታንዷም በልኳ መሆን አለበት።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ልኳን እንዴት ነው የምወስደው? የኔ ከሶፕራኖ ቀጥላ የምትመጣው መጠን፣ ኮንሰርት ናት።

መልስ፦ ሦስት ነገር ለኪ፣ እህቴ። አንደኛ፣ የሆዷን ስፋት ከታች በኩል፣ በጣም በምትሰፋበት ቦታ። ሁለተኛ፣ ውፍረቷን ከጎን። ሦስተኛ፣ ከታች ጫፏ ተነስተሽ መቃኛዎቹ ያሉበት ጭንቅላት እስከሚጀምርበት ያለውን ርዝመት። ሦስቱን ቁጥር ስልክሽ ላይ ጻፊና ስታንድ ስታዪ ከነሱ ጋር አስተያዪ።

ኮንሰርት በጠቅላላው 58 ሴንቲ ሜትር ገደማ ናት፤ ከእሷ የሚበልጡት ሁለቱ መጠኖች ደግሞ ቴነር 66፣ ባሪቶን 76 ናቸው። ግን ከሠሪ ሠሪ ስለሚለያይ ሳጥኑ ላይ ከተጻፈው ይልቅ የራስሽን ሜትር እመኚ።

ጥያቄ፦ ብዙ ገንዘብ የለኝም። ከርካሾቹ የቱን ልግዛ?

መልስ፦ ለሶፕራኖና ለኮንሰርት እኔ የምመርጠው ከሁለት ጠፍጣፋ እንጨት የሚሠራውን ነው። ሁለቱ እንጨቶች መሃላቸው ላይ ስንጥቅ አላቸው፤ አንዱ ሌላው ውስጥ ይገባና ከላይ ሲታዩ የኤክስ ፊደል ይመስላሉ። ብሎን የለው፣ ማጠፊያ የለው፣ የሚላላ ነገር የለውም። ዩኩሌሌዋ ዝቅ ብላ፣ ወደ ኋላ ጋደል ብላ ትቀመጣለች። ስትነቅለው ደግሞ ጠፍጣፋ ሆኖ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ርካሽም ነው፤ ምክንያቱም ሥራው ቀላል ነው።

ከብረት የሚሠራው ታጣፊ ስታንድም መጥፎ አይደለም። ግን ለዩኩሌሌ ተብሎ የተሠራ ይሁን፤ ማጠፊያውንም አየት አድርግ። በርካሾቹ ላይ ቶሎ የሚደክመው እሱ ነው። እግሮቹን ዘርግተህ ከላይ በእጅህ ጫን ስትለው እየተከፈተ ወደ ጎን የሚሄድ ከሆነ ተወው።

ከላይ አንገት የሚይዝ፣ በቱቦ የቆመው ረጅሙ ዓይነት ለቴነርና ለባሪቶን ይሆናል። ለሶፕራኖ ብዙም አልመክረውም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አንድ ስታንድ የማይነቃነቅ መሆኑን ሱቅ ውስጥ ቆሜ በምን ልወቅ?

መልስ፦ በጣትህ። ዩኩሌሌህን ይዘህ ሂድና ስታንዱ ላይ አስቀምጣት። አንድ እጅህን ከፊቷ ዘርጋ፤ ብትወድቅ እንድትይዛት ነው። በሌላው እጅህ አመልካች ጣት ጭንቅላቷን ቀስ ብለህ ወደ ፊት ግፋ፣ ከዚያ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ። ስትለቃት ተመልሳ ቦታዋ ከተቀመጠች ጥሩ ነው። ገና ሳትገፋት የስታንዱ የኋላ እግር ከመሬት ከተነሳ አትግዛው። ዋጋው የፈለገውን ያህል ደስ ቢል አትግዛው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሶፕራኖ በጣም ቀላል ናት፤ ብዙዎቹ ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞሉም። ጊታር በክብደቱ ስታንዱን ወደ መሬት ይጫነዋል። እሷ አትጫነውም። ስለዚህ ስታንዱን የሚያቆመው የእግሮቹ ስፋትና የመቀመጫው ዝቅታ ነው። እግሮቹ ከሆዷ ስፋት ሰፋ ብለው ከቆሙ፣ መቀመጫው ደግሞ ወደ መሬት ከቀረበ፣ ዕቃው ርካሽም ቢሆን ይይዛታል።

ስለ እግር ቁጥርም ልጨምርልህ። ሦስት እግር ያለው መሬቱ ጎርበጥ ያለ ቢሆንም አይወዛወዝም። ግን በሁለት እግሮች መሃል ወዳለው ክፍት ቦታ ከተገፋ በቀላሉ ይገለበጣል። አራት እግር ያለው ለመገልበጥ ያስቸግራል፤ መሬቱ እኩል ካልሆነ ግን ይንቀጠቀጣል። ለምንጣፍ አራቱን፣ ለሻካራ ወለል ሦስቱን እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ የስታንዱ ስፖንጅ ቫርኒሹን ይበላል ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ ሁሉንም አይበላም። የሚጎዳው ናይትሮሴሉሎስ ላከር በሚባል የቫርኒሽ ዓይነት የተቀባ ነው። አንዳንድ ጎማና ፒቪሲ የሚባል ፕላስቲክ ውስጥ እንዲለሰልስ የሚጨመር ኬሚካል አለ፤ ያ ኬሚካል ቀስ እያለ ወጥቶ ላከሩን ያለሰልሰዋል። መጀመሪያ ይጣበቃል፣ ቆይቶ ጥቁር ምልክት ይተዋል። በርካሽ ዩኩሌሌዎች ላይ የሚቀባው አብዛኛውን ጊዜ ፖሊዩሬቴን ወይም ፖሊስተር ስለሆነ ይህን ያህል አይነካም።

የትኛው እንደተቀባ ካላወቅክ መፍትሔው ቀላል ነው። አሮጌ የጥጥ ካልሲ ቁረጥና ክንዶቹ ላይ አልብስ። እኔ ሁሉንም ስታንዶቼን አልብሻለሁ።

ጥያቄ፦ ራሴ ብሠራውስ? መጋዝ አለኝ።

መልስ፦ ሥራው! በጣም ደስ ይለኛል። 12 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ይበቃሃል። እንጨቱን ከመንካትህ በፊት ግን በወፍራም ካርቶን ሞክረው። ካርቶኑ ላይ ሁለት ተመሳሳይ ቅርጽ ሣል፤ ፊት ለፊቱ ዩኩሌሌዋ የምትቀመጥበት ጎድጓዳና ከፊቱ የሚያግድ ከንፈር ይኑረው፣ ኋላው ከፍ ብሎ ጀርባዋን ይደግፍ። የጎድጓዳው ስፋት ከውፍረቷ ይብለጥ፤ ልኩን ካርቶኑ ላይ እያስቀመጥካት አስተካክል። ከዚያ አንደኛውን ከላይ እስከ መሃል፣ ሌላውን ከታች እስከ መሃል ሰንጥቀህ አቆላልፋቸው።

ስንጥቁ ላይ ተጠንቀቅ። ስፋቱ ከእንጨቱ ውፍረት ጋር እኩል መሆን አለበት። መጀመሪያ ጠበብ አድርገህ ቁረጥና በሞረድ ትንሽ ትንሽ እየፋቅህ ሞክር። በእጅ ጫን ሲባል ገብቶ ሲያዝ የሚሰጠው ድምፅ አለ፤ "ጭቅ" ይላል። እሱ ሲመጣ አቁም። አንዴ ካሰፋኸው ስታንዱ ዕድሜ ልኩን ይወላገዳል። በመጨረሻ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልስ፤ ዩኩሌሌዋ የምትነካበትን ቦታ በሱፍ ጨርቅ ሸፍን።

ጥያቄ፦ የቫዮሊን ስታንድ ይሆናል?

መልስ፦ ለኮንሰርት ብዙ ጊዜ ይሆናል፤ ርዝመቱም የሆዱም ስፋት ይቀራረባል። ቫዮሊን ከጎን ሲለካ ግን ቀጭን ስለሆነ የክንዶቹን ጥልቀት አረጋግጥ።

ጥያቄ፦ የሁለት ዓመት ልጅ አለኝ። የትም ባስቆማት ይደርስባታል።

መልስ፦ እንግዲያው ግድግዳ ላይ ስቀያት፣ እህቴ። ማንጠልጠያውን ልስኑ ላይ ብቻ አትሰኪው፤ ግድግዳው ተበስቶ ፊሸር ይግባበት። የጊታር ማንጠልጠያ ከሆነ ክፍተቱን ለኪ። የዩኩሌሌ አንገት ከላይ በኩል 35 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፣ የጊታር 43። ጭንቅላቷ ከክፍተቱ በደንብ ካልሰፋ ልትሾልክ ትችላለች። እርጥበት ያለበት ግድግዳ፣ ፀሐይ የሚመታው ቦታና ሙቀት የሚወጣበት ነገር አናት ላይ አይሁን።

ጥያቄ፦ ሁልጊዜ ውጭ ስትቆም እንጨቷ አይደርቅም?

መልስ፦ ሙሉ እንጨት ከሆነች ሊደርቅ ይችላል። የክፍሉ እርጥበት ከ40 በመቶ ሲወርድ ፊቷ ሊሰነጠቅ፣ የፍሬቶቹ (አንገቷ ላይ በአግድም የተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች) ጫፍ ደግሞ ወጣ ወጣ ሊል ይችላል። በጣትህ ጫፍ የአንገቷን ጠርዝ ዳብስ፤ የሚቧጥጥህ ከሆነ ደርቃለች ማለት ነው። እንደዚያ ባለው ወቅት ኬዟ ውስጥ ትክረም። ከኮምፔንሳቶ ለተሠራች ይህን ያህል አትጨነቅ።

ጥያቄ፦ የኔ አናናስ ቅርጽ ያላት ናት። ከታች ደግሞ የድምፅ ማጉያ ገመድ መሰኪያ አላት።

መልስ፦ ወገብ ስለሌላት በወገብ የሚይዝ ስታንድ አይሆንሽም፤ ከታች የሚሸከም ያስፈልግሻል። መሰኪያው ክንዶቹ መሃል ባለው ክፍት ቦታ ላይ መዋል አለበት። ክብደቷ መሰኪያው ላይ ካረፈ ከጊዜ ብዛት የዙሪያውን እንጨት ይሰነጥቀዋል።

ጥያቄ፦ እኔስ ዘግይቼ ነው የመጣሁት። ትናንት ከስታንዷ ወደቀች። ከውጭ ምንም አይታይም።

መልስ፦ አዝናለሁ። ሕመሙን አውቀዋለሁ። የመጀመሪያዋ ሶፕራኖዬ ከጊታር ስታንድ ላይ በግንባሯ ስትወድቅ ሌላ ክፍል ነበርኩ። አራቱም ክሮች አንድ ላይ ሲጮሁ ነው የሰማሁት። ያኔ እኔም ከውጭ አይቻት "ምንም አልሆነችም" አልኩ። ከሳምንት በኋላ አንገቷ ጭንቅላቷ ሥር ላይ ተሰንጥቆ አገኘሁት።

ስለዚህ ዛሬውኑ ክሮቿን አላላቸው። መብራት ከጎን እያበራህ የጭንቅላቷን ሥር እይ፤ ፀጉር የሚያህል መስመር ፈልግ። ቀጭን ወረቀት ወስደህ ክሮቹ የታሠሩበት ብሪጅ ሥር ለማስገባት ሞክር። ከገባ ብሪጁ ተነስቷል። ከዚያ ፊቷንና ጀርባዋን በጣትህ አንጓ ቀስ እያልክ ቆርቁር። የሚንቀጫቀጭ ድምፅ ካለ ከውስጥ የለቀቀ ደጋፊ እንጨት አለ። ከነዚህ አንዱን ካገኘህ ክሮቹን መልሰህ አትወጥር፤ እንደላሉ ለጠጋኝ ውሰዳት።