መልስ፦ ኤሌክትሪኩ ካንሰሩን ያቃጥለዋል?

ለእናትዎ ከኬሞቴራፒ ጋር የኤሌክትሪክ ምት እንደሚሰጣቸው ሰምተው «ካንሰሩን የሚያቃጥለው እሱ ነው?» ብለው ጠይቀዋል። አይደለም፤ የምቱ ሥራ በር መክፈት ነው። ብሊዮማይሲን የተባለው የኬሞቴራፒ መድኃኒት ሕዋስ ውስጥ ከገባ ዲኤንኤውን (የሕዋሱን የዘር መረጃ የያዘውን) ይበጣጥሳል፤ የሕዋሱ ሽፋን ግን በቀላሉ አያስገባውም። ስለዚህ መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ እብጠቱ ላይ አብዛኛውን ጊዜ 8 ምቶች ይለቀቃሉ፤ እያንዳንዱ የሚቆየው 100 ማይክሮሰከንድ (የሰከንድ አንድ አሥር ሺህኛ) ብቻ ነው። ሽፋኑ ላይ እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይከፈታሉ፣ መድኃኒቱ ይገባል፣ ቀዳዳዎቹም ተመልሰው ይደፈናሉ። እኔን በጣም የሚያስደስተኝ፣ ምቱ ያልደረሰበት ጤናማ አካል ብዙም አለመጎዳቱ ነው።

ምቱ ጡንቻን ስለሚያኮማትርና ስለሚያምም በማደንዘዣ ነው የሚሰጠው። ይህ ሕክምና ቆዳ ላይ ላሉ የካንሰር እብጠቶች ጥሩ ነው፤ በመላ ሰውነት የተሰራጨን ካንሰር ግን ብቻውን አያድንም። እባክዎ፣ እናትዎ የሳንባ ሕመም ካለባቸው ለሐኪሙ አስቀድመው ይንገሩ፤ ብሊዮማይሲን ሳንባን ሊጎዳ ይችላል።