የአንባቢዎች ጥያቄ፦ የጋራዡ ትዕይንት ለምን ውሸት መሰለ?

ጥያቄ፦ አጭር ፊልም እየጻፍኩ ነው። አንድ አንጋፋ መካኒክና ረዳቱ ጋራዥ ውስጥ እየሠሩ፣ ረዳቱ ሥራ ሊለቅ መሆኑን ይናገራል። አራት ገጽ ሆኗል። ያነበቡት ሁሉ ግን «ሁለት ሰዎች መፍቻ ይዘው ያወራሉ እንጂ መካኒክ አይመስሉም» አሉኝ። የመኪና ዕቃ ስሞች ጨመርኩበት፣ ጭራሽ ባሰበት። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የላክሽልኝን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልጁ «ልሄድ ነው» ማለት አቅቶት ሌላ ሌላውን ሲቀባጥር አንጀት ይበላል፣ እሱን እንዳትነኪው። የጎደለሽ መኪናው ነው። የመጀመሪያው መስመርሽ «መካኒኩ ሞተር እየጠገነ ነው» ይላል። ሞተሩ ምን ሆኖ? አንቺ ካላወቅሽው ተዋናዩ ከየት ያመጣዋል? ኮፈኑን ከፍቶ የሆነ ነገር ይነካካል፣ በቃ። ተመልካች ስለ መኪና ምንም ባያውቅ እንኳ፣ እጅ የምሩን እየሠራ መሆን አለመሆኑን ወዲያው ይለያል።

ስለዚህ መጀመሪያ ለመኪናው አንድ ሕመም ስጪው። አንድ ብቻ። ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ማውረድ ለአራት ገጽ ይበዛል፣ ካንዴላ መቀየር ደግሞ ቶሎ ያልቃል። እኔ ብሆን የፊት ፍሬን ሸራ አስቀይር ነበር። ለሁለት ሰው የሚሆን ሥራ ነው፣ ጉልበትም ጥንቃቄም ይፈልጋል፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ላንቺ ታሪክ የተሠራ የሚመስል ነገር አለው፣ እመጣበታለሁ።

ሥራው እንዲህ ይሄዳል። የጎማው ብሎኖች የሚላሉት ጎማው መሬት እንደነካ ነው፣ መኪናው ከተነሳ በኋላ ጎማው አብሮ ይዞራላ። ከዚያ በክሪክ ይነሳል። ክሪክ ግን ማንሻ እንጂ የሚያምኑት ነገር አይደለም፣ የብረት ማስደገፊያ ይገባል። አንቺ ጋ አንጋፋው በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር ተኝቷል፤ ዕድሜውን ሙሉ በዚህ ሥራ የኖረ ሰው እንዲህ ካደረገ ልጁ አይቶ መደንገጥ አለበት፣ ካልደነገጠ አንቺ ነሽ ያላወቅሽው። ጎማው ይወጣል። ካሊፐሩ፣ ማለትም ሸራውን ይዞ የሚጨምቀው ክፍል፣ ይፈታና በሽቦ ይታሰራል፣ በፍሬን ቱቦው ተንጠልጥሎ አይተውም። ያለቀው ሸራ ይወጣል፣ ካሊፐሩ ውስጥ ያለው፣ ሸራውን የሚገፋው ፒስተን ወደ ውስጥ ይገፋል፣ አዲሱ ይገባል። ጎማው ሲመለስ ብሎኖቹ በተራ አይጠብቁም፣ አንዱን ይዞ ወደ ማዶው መሻገር ነው።

ይህን ሁሉ አታሳዪን። አንድ ገጽ ወደ አንድ ደቂቃ ገደማ ነው፣ አራት ደቂቃ ነው ያለሽ። ጎማው ከወጣ በኋላ ጀምሪ። ግን የት እንደደረሱ ሁሌም እወቂ።

አሁን ንግግሩን ሥራው ውስጥ አስገቢው፣ ሥራውም ያቋርጠው። አንቺ ጋ ሁለቱም ሥራቸውን አቁመው ነው የሚያወሩት፣ ውሸቱ እሱ ነው። እንዲህ ቢሆንስ፦

«ጋሼ፣ ከዚህ ወር በኋላ እኮ...»

«አሥራ አራቱን።»

ያቀብለዋል።

«አሥራ አራቱን አልኩህ።»

ልጁ እጁን ያያል። አሥራ ሰባት ነው።

ስንት ጊዜ ሳያይ ሲያቀብል የኖረ ልጅ ነው ዛሬ የተሳሳተው። አንጋፋው እዚህ ጋ የሆነ ነገር እንዳለ ይገባዋል፣ ምንም አይልም። ከዚያ ብሎኑ ዝጎ እምቢ ይበል። «ትንሽ ዘይት አጠጣው፣ ይቆይ» ይበለውና ሁለቱም ቁጭ ብለው ይጠብቁ። የሚያወሩበት ጊዜ ሰጠሻቸው ማለት ነው፣ ግን አያወሩም።

የዕቃ ስም ስትጨምሪ ለምን እንደባሰብሽ ታየሽ? አብረው የሚሠሩ ሰዎች ሁለቱም የሚያውቁትን አይነጋገሩም። «የ14 ሚሊሜትር መፍቻውን አቀብለኝና የካሊፐሩን ብሎን ልፍታ» የሚል መካኒክ የለም። ተመልካቹ እንዲገባው የግድ ከሆነ የመኪናውን ባለቤት አስገቢው። ለእሱ «ሸራው አልቋል፣ ብረት ብረትን እየበላ ነው» ይሉታል፣ እኛም አብረን ሰማን።

ስለ ቅባቱም ልበልሽ። ሜካፕ ሠሪዎች ጉንጭ ላይ አንድ ጥቁር መስመር ይስላሉ፣ እኔን ያናድደኛል። ቅባት የሚኖረው ጥፍር ሥርና የጣት መገጣጠሚያ ስንጥቅ ውስጥ ነው። ፊቱን ሲበላው በክንዱ ነው የሚያክ፣ ስልክ ሲጠራ ሁለት ጣቱን ብቻ በጨርቅ ጠርጎ ነው የሚያነሳ። አንድ ቀን ሙሉ ጋራዥ ሄደሽ ተቀመጪና እጅ ብቻ እዪ።

ወደ መጨረሻው ልምጣ። አዲስ ሸራ ሲገባ ፒስተኑ ወደ ኋላ ስለተገፋ የመጀመሪያው ፍሬን ባዶ ነው፣ ፔዳሉ ይሰምጣል። እስኪጠነክር ደጋግሞ መርገጥ ያስፈልጋል፣ ሳይረገጥ የተነዳ መኪና አይቆምም። እና ልጁ መሪው ጋ ይቀመጥ። አንጋፋው ውጭ፣ ጎማው አጠገብ ተንበርክኮ። አይተያዩም። «ርገጥ።» ይሰምጣል። «ርገጥ።» አሁንም። ሦስተኛው ላይ ትንሽ ሲጠነክር «ጋሼ፣ ልለቅ ነው» ይበል። ዝም። ከዚያ ከውጭ ያው ድምፅ፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ «ርገጥ።»

ስክሪፕትሽ ውስጥ አንጋፋው የሚሰጠውን ያን የአንድ ገጽ ምክር አውጪው።

ጥያቄ፦ በእኔ ስክሪፕት መኪናው እየፈላ ጋራዥ ይደርሳል። መካኒኩ ወዲያው የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ ውኃ ይጨምርበታል። ያስኬዳል?

መልስ፦ አያስኬድም፣ ፊቱን ታቃጥለዋለህ። ክዳኑ ውኃውን በግፊት ስለሚይዘው ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ አልፎም አይፈላም፤ ሲከፈት ግን ግፊቱ በአንዴ ይለቅና ገንፍሎ ይወጣል። መካኒክ ሞተር አጥፍቶ እስኪበርድ ይጠብቃል፣ ሲከፍትም ወፍራም ጨርቅ ጣል አድርጎ ቀስ እያለ ነው። ይህ ጥበቃ ላንተ ትርፍ ነው፦ የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች፣ ግማሽ ሰዓት፣ የሚሠራ ነገር የለም። አንድ ነገር ብቻ አደራ። በተዘጋ ቤት ውስጥ ሞተር አስነስታችሁ አትቅረጹ፣ ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም ስለሌለው ተዋናዮችህ ሳያውቁት ነው የሚጎዱት። የሞተሩን ድምፅ ኤዲቲንግ ላይ ጨምረው።