አሮጌውን ሹካ አትጣዪው፤ መለኪያሽ እሱ ነው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ከአባትሽ የቆየው የብረት ብስክሌት ከግንብ ጋር ተጋጭቶ የፊት ሹካው ወደ ኋላ ታጥፏል፤ ጎማው ፍሬሙን ሊነካ ጥቂት ቀርቶታል፤ መሪውም ወደ አንድ በኩል ሲዞር ይጠብቃል። አንዱ ጠጋኝ «በቱቦ ስቤ አቃናዋለሁ» ብሎሻል፤ ሌላው «የጎማው መጠን አንድ ከሆነ ማንኛውም ሹካ ይገባል» ብሎሻል። የማንን ልቀበል፣ ራሴስ ልቀይረው እችላለሁ ወይ ነው ጥያቄሽ። የሁለቱንም አትቀበዪ። ራስሽ ግን ትችያለሽ፤ ትዕግሥትና አንድ ጥሩ ካሊፐር (ውፍረትና ስፋት በሚሊሜትር የሚለካ መሣሪያ) ይኑርሽ እንጂ።

እንዳንደናገር ክፍሎቹን በሰው አካል ስም ልጥራቸው። ጎማውን ከግራና ከቀኝ የሚይዙትን ሁለቱን «እግር»፣ እግሮቹ የሚገናኙበትን ወፍራም ቦታ «ትከሻ»፣ ከትከሻው ወጥቶ በፍሬሙ የፊት ቱቦ ውስጥ የሚያልፈውንና ጫፉ ላይ የብሎን ጥርስ የተቆረጠበትን ቱቦ ደግሞ «አንገት» እላለሁ።

ማቃናትን የምቃወመው ሞክሬው ስላየሁት ነው። ከብዙ ዓመት በፊት የራሴን ሹካ በሞርሳ አስሬ፣ እግሮቹ ላይ ረጅም ቱቦ አጥልቄ ስቤ መለስሁት። ሲያዩት ቀጥ ያለ ነበር። ቀለም ቀባሁት፣ ለወራትም ነዳሁት። አንድ ቀን ፍሬን ስይዝ ከፊት በኩል ቀጭን የመንቋቋት ድምፅ ሰማሁ። ጎማውን አውጥቼ ስመለከት እግሩ ከትከሻው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ቀለሙ እንደ ፀጉር በቀጠነ መስመር ተሰንጥቋል። ቀለሙን ስፍቀው ስንጥቁ ብረቱ ውስጥ ገብቷል። ያን ዕለት ቁልቁለት ላይ ብሆን ኖሮ ምን ይደርስ እንደነበር አሁንም ሳስበው ሆዴ ይረበሻል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሽቦን ወዲያና ወዲህ እያጠፍን የምንሰብረው በምን ብልሃት ነው? ብረት ወደ ቦታው ከሚመለስበት ልክ አልፎ ሲታጠፍ፣ የታጠፈው ቦታ ይጠነክራል፤ በዚያው ልክ ደግሞ ሁለተኛ መታጠፍን የመቻል አቅሙ ይቀንሳል። ማቃናት ማለት ያንኑ ቦታ ሁለተኛ ጊዜ ማጠፍ ነው። የኋላ መቀመጫ ቢሰበር ወርዶ መግፋት ይቻላል፤ ሹካ ሲሰበር ግን ጎማው ከሥር ይሄዳል፣ ነጂውም በፊቱ ይወድቃል። ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው የብረት ሹካ እግር ጫፍ በጥቂት ሚሊሜትር ሲዛነፍ በመለኪያ ማስተካከሉ ያለ ነገር ነው፤ ያን አልነቅፍም። የአንቺ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። መሪው በአንድ በኩል መጥበቁ አንገቱም ሳይታጠፍ እንዳልቀረ ያመለክታል፤ የታጠፈ አንገት አይቃናም። ሹካው የአሉሚኒየም ወይም የካርቦን ቢሆን ኖሮ ደግሞ ስለ ማቃናት ጨርሶ ባልተነጋገርን ነበር።

አዲስ ሹካ ከመፈለግሽ በፊት ፍሬሙን መርምሪ። ከፊት የመጣ ግጭት ሁልጊዜ ሹካውን ብቻ አጥፎ አይቆምም፤ ኃይሉ በፊተኛው ቱቦ በኩል አልፎ ወደ ታች የሚወርደውን ረጅም ቱቦ ከሥሩ ሊጨፈልቀው ይችላል። ብስክሌቱን ገልብጪና ከፊተኛው ቱቦ ጀርባ ያለውን የታችኛውንም የላይኛውንም ቱቦ በጣትሽ ዳስሺ። ዓይን ያላየውን እብጠት ጣት ያገኘዋል። የቀለም መሰነጣጠቅ ወይም እንደ ማዕበል ከፍና ዝቅ ያለ ነገር ካገኘሽ እዚያው ላይ ቁሚ፤ ፍሬሙ ተጎድቷልና አዲስ ሹካ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ይህን ሳያዩ ሹካ ገዝተው ያዘኑ ሰዎች አውቃለሁ።

ፍሬሙ ደኅና ከሆነ ወደ መፍታቱ ግቢ። ጎማውንና ፍሬኑን ካወጣሽ በኋላ የሚያስቸግረው የመሪው ግንድ ነው። በድሮ ብስክሌቶች ግንዱ ወደ አንገቱ ውስጥ ይገባና ከታች ባለ ሽብልቅ ይወጠራል። ከላይ ያለውን ብሎን ሦስት አራት ዙር ብቻ ፈትተሽ እንጨት ደግፈሽበት በመዶሻ ቀስ ብለሽ ምቺው፤ ሽብልቁ ሲለቅ ብሎኑ ወደ ታች ይወርዳል። ካልለቀቀ ዝገት የሚያላላ ዘይት አፍስሺበትና እስከ ማግሥቱ ተዪው። በጉልበት እየጠመዘዙ የሚያወጡት ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያበላሹት ደኅናውን ነገር ነው። ከዚያ በፊት ግን ከሥር ነጭ ጨርቅ አንጥፊ፤ የላይኛውን ዳዶና ከሥሩ ያለውን ኩባያ (ኳሶቹን የሚይዘውን ክብ ክፍል) ፈትተሽ ሹካውን ስታወርጂ ትናንሾቹ የኩሽኔታ ኳሶች ይበተናሉና። የላይኛውንና የታችኛውን ለየብቻ ቁጠሪና ጻፊ። እያንዳንዱ ክፍል በየትኛው ፊቱ እንደተቀመጠም ፎቶ አንሺ።

አሁን ዋናው ጉዳይ መጣ። «የጎማው መጠን አንድ ከሆነ ይገባል» የሚለው ምክር ስንቱን ሰው እንዳመላለሰ! የጎማው መጠን ከብዙዎቹ ልኮች አንዱ ብቻ ነው። የታጠፈው ሹካሽ ለመንዳት ባይሆንም ልኩን ይዟል፤ ስለዚህ አዲሱ ገብቶ እስኪነዳ ድረስ ከእጅሽ አይውጣ።

ከአንገቱ ውፍረት ጀምሪ። አብዛኞቹ የድሮ ብስክሌቶች 25.4 ሚሊሜትር፣ ማለትም አንድ ኢንች ናቸው። የድሮ የፈረንሳይ ሥራ 25 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ቆየት ብለው የመጡት ደግሞ 28.6። ቀጥሎ የብሎን ጥርሱ አለ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የተለመደው በአንድ ኢንች ውስጥ 24 ጥርስ ሲሆን፣ በሁለት ጥርሶች መካከል 1.06 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል ማለት ነው። የፈረንሳዩ ልክ 1 ሚሊሜትር ነው። የድሮ ራሌይ ብስክሌቶች ላይ ደግሞ በኢንች 26 ጥርስ ይገኛል። ልዩነቱ በዓይን አይለይም። ስለዚህ የራስሽን የላይኛውን ዳዶ ይዘሽ ሂጂና አዲሱ ሹካ ላይ በጣትሽ ብቻ አዙሪው። እስከ ጥርሱ መጨረሻ ያለ ጉልበት መሄድ አለበት። ሁለት ሦስት ዙር ሄዶ ከነከሰ፣ ወይም ገብቶ ወዲያና ወዲህ ከተወዛወዘ፣ ያ ሹካ የአንቺ አይደለም። ሻጩ «በቁልፍ ሲጠብቅ ይገባል» ቢልሽ አትስሚው፤ በቁልፍ የገባው ጥርሱን እየቆረጠ ነው።

የአንገቱን ርዝመት ከትከሻው እስከ ጫፉ ለኪ። የረዘመ ይቆረጣል፤ ያጠረ ግን መላ የለውም። ሲረዝም ደግሞ ጥርሱ እስከ የት እንደሚወርድ ተመልከቺ። አዲሱ አንገት ረጅም ሆኖ ጥርሱ ጫፉ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ስትቆርጪው ጥርሱም አብሮ ይሄድና ዳዶው የሚይዘው ያጣል። በተቃራኒው ጥርሱ ከመጠን በላይ ወደ ታች የወረደ ከሆነ፣ የመሪው ግንድ ሽብልቅ ጥርስ በተቆረጠበት ስስ ግድግዳ ላይ ይወጠራል፤ አንገቱም ውሎ አድሮ እዚያ ላይ ይሰነጠቃል። ሽብልቁ ማረፍ ያለበት ከጥርሱ በታች፣ ግድግዳው ሙሉ በሆነበት ቦታ ነው።

ከትከሻው በላይ የታችኛው የኩሽኔታ ቀለበት የሚቀመጥበት ቦታ አለ። እዚህ ላይ ሁለት ልክ በብዛት ይገኛል፦ 26.4 እና 27.0 ሚሊሜትር። የ0.6 ልዩነት ምን ያደርጋል አትበዪ። ቦታው ከሰፋ ቀለበቱ በግድ ሲመታ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ከጠበበ ቀለበቱ ይላላና መሪው መቼም አይረጋም። ሰፊውን በመሣሪያ ፍቆ ማጥበብ ይቻላል፤ ጠባቡን ማስፋት ግን አይቻልም። የአንገቱ የውስጥ ስፋትም ከመሪሽ ግንድ ጋር መግጠም አለበት፤ ብዙውን ጊዜ 22.2 ሚሊሜትር ነው፣ የፈረንሳዩ 22.0።

ስለ ጎማው መጠን «ሃያ ስድስት ነው፣ ሃያ ስምንት ነው» ብለሽ አትተዪው። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር አንብቢ፤ ጎማው የሚቀመጥበት የቸርኬው ዲያሜትር በሚሊሜትር ነው፤ 559፣ 590፣ 622፣ 630፣ 635 ሊሆን ይችላል። 559ም 590ም በገበያ «ሃያ ስድስት» ይባላሉ፤ 622ም 635ም «ሃያ ስምንት» ይባላሉ። የ622 ቸርኬ በ630 ፈንታ ሲገባ የቸርኬው ጠርዝ በ4 ሚሊሜትር ወደ ዘንጉ ይጠጋልና የፍሬኑ ጎማ ያን ያህል ወደ ታች መድረስ መቻል አለበት። ከዘንጉ እስከ ትከሻው ያለውን ርዝመትም ከአሮጌው ጋር አስተያዪ፤ አዲሱ በ20 ሚሊሜትር ቢረዝም የብስክሌቱ ፊት ተነሥቶ የአንገቱ ማዕዘን ወደ አንድ ዲግሪ ገደማ ይለወጣል፣ አነዳዱም ይለወጣል። አሮጌው እግር ስለታጠፈ ልኩ በትክክል አይገኝም፤ ቢሆንም ለማስተያየት ይበቃል። በመጨረሻ በእግሮቹ ጫፎች መካከል ያለውን ስፋት እዪ። 100 ሚሊሜትር የተለመደ ነው፤ በጣም የቆዩት ይጠብባሉ። ፍሬንሽ በገመድ ሳይሆን በብረት ዘንግ የሚሠራ ከሆነም ለዚያ የሚሆነውን ማያያዣ አትርሺ።

አንገቱን መቁረጥ ካስፈለገ፣ ከመቁረጥሽ በፊት ዳዶውን ከመቁረጫው መስመር በታች አስገቢ። ቆርጠሽ ጠርዙን በሞረድ ካለሰለስሽ በኋላ ዳዶውን ስታወጪው የተጎዳውን የመጀመሪያ ጥርስ ያስተካክለዋል። ይህን ያስተማረኝ አንድ አረጋዊ ጠጋኝ ነው፤ ስንት ሹካ እንዳተረፈልኝ!

የታችኛውን ቀለበት ከአሮጌው ሹካ ስታወጪ ጠፍጣፋ ጫፍ ባለው ብረት ከግራም ከቀኝም እያፈራረቅሽ ምቺ። አዲሱ ላይ ስታስገቢ ደግሞ አንገቱ ላይ የሚጠልቅ ቱቦ ፈልጊና ዙሪያውን እኩል እየመታሽ አውርጂው፤ ከትከሻው ጋር ክፍተት ሳይኖረው መቀመጥ አለበት። ኳሶቹን አሮጌና አዲስ አትቀላቅዪ፤ ሁሉንም ቀይሪ። አብዛኛውን ጊዜ 4 ሚሊሜትር ገደማ ናቸው፤ 4.76 የሆኑም አሉና ናሙና ይዘሽ ሂጂ። ኩባያዎቹ ውስጥ ግራሶ በደንብ ቀብተሽ ደርድሪያቸው፣ የአንድ ኳስ ያህል ክፍተትም ተዪ። ኳሶቹ በቆርቆሮ ቀለበት የታሰሩ ከሆኑ በፎቶው መሠረት አስቀምጪ፤ ተገልብጠው ከገቡ ቆርቆሮው ይፋቃል፣ መሪውም ይንቋቋል።

ማጥበቁ ላይ አትቸኩዪ። የላይኛውን ኩባያ በእጅሽ እስኪቆም አዙሪ፤ ሮንዴላውን አስቀምጪና ዳዶውን አጥብቂ። ከዚያ የፊት ፍሬኑን ያዢ፣ ሌላውን እጅሽን የታችኛው ኩባያ መጋጠሚያ ላይ አድርጊና ብስክሌቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፊ። በጣትሽ ሥር ካንኳኳ ላልቷል። ቀጥሎ ፊቱን ከመሬት አንሺው፤ መሪው በራሱ ክብደት ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳይነክስ መውደቅ አለበት። ዳዶው ሲጠብቅ ኩባያውን ትንሽ ስለሚጭነው ልኩን ለማግኘት ሦስት አራት ጊዜ መደጋገም ያስፈልጋል። እኔ እስካሁን በአንድ ጊዜ አግኝቼው አላውቅም።

የመሪውን ግንድ ግራሶ ቀብተሽ አስገቢ፤ ግንዱ ላይ የተሳለው የመጨረሻ መስመር ከውጭ መታየት የለበትም። ካጠበቅሽ በኋላ የፊት ጎማውን በጉልበቶችሽ መካከል ያዢና መሪውን ጠምዝዢው፤ በቀላሉ መዞር የለበትም።

ጎማው ወደ አንዱ እግር ያጋደለ መስሎ ከታየሽ ሹካውን ለመውቀስ አትቸኩዪ። ጎማውን አውጥተሽ ግራውን ወደ ቀኝ ገልብጠሽ መልሺው። ማጋደሉ ወደ ሌላው ጎን ከዞረ ችግሩ የጎማው ነው፤ በዚያው ጎን ከቀረ ሹካው ጠማማ ነውና መልሰሽ ስጫቸው።

መጀመሪያ ስትነጂው ሰውና መኪና በሌለበት ሜዳ ላይ፣ በዝግታ፣ ፍሬኑን ደጋግመሽ እየያዝሽ ይሁን። ጥቂት ቀን ከተነዳ በኋላ ኩባያዎቹ ቦታቸውን ስለሚይዙ ጥቂት ይላላል፤ ያን ጊዜ የፍሬኑን ፍተሻ ድገሚና አጥብቂ። አሁን ግን ከሁሉ በፊት የታችኛውን ቱቦ ከሥሩ ፎቶ አንሥተሽ እዚህ አስቀምጪልን፤ እሱን ሳላይ «ሹካ ግዢ» ልልሽ አልፈልግም።