ጥቅምት ሲገባ የሚመጣው ፌስታል

በዚህ እትም ሦስት ደብዳቤ መርጫለሁ። ሦስቱም ከሰሜን ሸዋ ናቸው፣ ሦስቱም ስለ ግብር። የመጀመሪያው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ እኔም ይህን ሥራ ለዓመታት ስለሠራሁት ልቤን ነክቶታል።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። አካውንቲንግ ተምሬ ከተመረቅኩ አራት ዓመቴ ነው። ለአሥራ አራት ነጋዴዎች የግብር ሂሳብ እሠራለሁ። ዓመቱን ሙሉ ድምፃቸውን አጥፍተው ይከርሙና የግብር ማሳወቂያው ጊዜ ጥቅምት 30 ሊያበቃ ሲል፣ ጥቅምት 20 ካለፈ በኋላ ደረሰኙን በፌስታል ጠቅልለው ያመጡልኛል። በዚያ ብርድ ሌሊቱን ቁጭ ብዬ አድራለሁ። ይሄስ ይሁን። የባሰው የእናቴ ወንድም ነገር ነው። የግንባታ ዕቃ ሱቅ አላቸው። "ሽያጩን ትንሽ ቀነስ፣ ወጪውን ከፍ አድርጊልኝ" ይሉኛል። ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። እምቢ ብል ቤተሰቡ ይቀየመኛል፣ እሺ ብል እንቅልፍ አይወስደኝም። ምን ይሻለኛል?
ፊርማዋ የከበዳት

መልስ፦ ከአጎትሽ ልጀምር። ፌስታሉ ይደርሳል።

እህቴ፣ እምቢ በያቸው። ግን እምቢታ ብቻውን አይበቃም፤ ምክንያቱንም በሚያውቁት ነገር፣ በብረትና በሲሚንቶ አስረጂያቸው። አጎትሽ ለአንድ ድርጅት ብረት ሲሸጡ፣ ገዢው ከክፍያው ላይ ቅድመ ግብር ቆርጦ ያስቀራል። ያንን የቆረጠውን ደግሞ በአጎትሽ ቲን (የግብር ከፋይ መለያ) ቁጥር ለገቢዎች ያሳውቃል። ስለዚህ አንቺ ማሳወቂያው ላይ ሽያጩን ብትቀንሺው፣ ያው ሽያጭ በሌላ ሰው ፋይል ውስጥ ተጽፎ ተቀምጧል። ካሽ ሬጅስተሩም የቆረጠውን ደረሰኝ ሁሉ መዝግቦ ይይዛል። ኦዲተር ሲመጣ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ማስቀመጥ ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ያን ቀን ተጠያቂው አጎትሽ ናቸው። ቀጥሎ አንቺ።

ወጪ ለማሳበጥ የሚገዛ ደረሰኝማ ጭራሽ አይነካም። ሐሰተኛ ደረሰኝ መጠቀም በገንዘብ ብቻ ሳይሆን በእስር የሚያስቀጣ ወንጀል ነው።

ይህን ነግረሻቸው ባዶ እጅሽን አትነሺ። አብዛኛው ነጋዴ "ቀንሺልኝ" የሚለው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ የተጫነበት ግብር ከአቅሙ በላይ መስሎ ስለሚታየው ነው። ደግሞ ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው፤ ሕጋዊ ወጪውን ራሱ ስለጣለው ግብሩ ይከብደዋል። የሱቁ ኪራይ ውልና ደረሰኝ አለው? ዕቃ የሚያወርደው ልጅ በደመወዝ መክፈያ ላይ ገብቷል? የባንክ ብድር ወለዱስ? የአይሱዙዋ እርጅና፣ ማለትም በአገልግሎት ብዛት በየዓመቱ የሚቀንሰው ዋጋዋ፣ ተሰልቷል? እነዚህን አንድ በአንድ ጠይቂያቸው። ከሁሉም በላይ የቅድመ ግብር ደረሰኞቹን ፈልጊ። እሱ ቀድሞ የተከፈለ የራሳቸው ገንዘብ ነው፤ ከዓመቱ ግብር ላይ ይቀነሳል። አንድ ጊዜ ለአንድ ባለሱቅ ስሠራ መሳቢያው ሥር፣ ከአሮጌ የሽያጭ ደብተሮች ጋር ተጣጥፈው አሥራ አንድ የቅድመ ግብር ደረሰኞች አገኘሁ። ሰውየው ዓመቱን ሙሉ ወረቀት ብቻ መስለውት ኖሯል። ስደምርለት ዝም ብሎ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ ወዲያ ሽያጭ ቀንሺልኝ ብሎኝ አያውቅም።

ንግግሩን ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ፊት አታድርጊው፤ ጥቅምት 28ም አታድርጊው። አንድ እሑድ ቤታቸው ሂጂ፣ ቡና ይፈላ። "ጋሼ፣ እርስዎን ከማስቀጣ ቢቀየሙኝ ይሻለኛል። ግን ሊቀነስልዎት የሚገባውን አንዲት ብር አላስቀርብዎትም" በያቸው። ሰው ከልቡ የሚሠራለትን ያውቃል። ካልሆነም በጨዋ ደንብ ወረቀታቸውን መልሽላቸውና የእህት ልጅ ብቻ ሆነሽ ኑሪ። ያላመንሽበትን ግን አትፈርሚ።

አሁን ወደ ፌስታሉ። የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ በሙቀት የሚታተም ወረቀት ነው። ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ ከከረመ፣ ላስቲክ ውስጥ ታፍኖ ከቆየ ጽሑፉ ይጠፋል። እኔ ራሴ ከፌስታል ያወጣሁትን ደረሰኝ መስኮት ላይ አስደግፌ በብርሃን ለማንበብ ስታገል አምሽቻለሁ። ቀኑ አለ፣ ድምሩ የለም። ነጭ ወረቀት ይዘሽ ደግሞ ወጪ ነው ማለት አትችዪም። ለዚህ ነው ጥቅምትን መጠበቅ የሌለብሽ። ለእያንዳንዱ ደንበኛ አሥራ ሁለት ካኪ ፖስታ ስጪው፣ በላዩ የወሩን ስም ጽፈሽ። ወሩ ባለቀ በሳምንቱ ሄደሽ ውሰጂ ወይም ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይላክልሽ፤ የደበዘዘውን ወዲያው ፎቶ ኮፒ አድርጊና ከዋናው ጋር አያይዢው። እዚያው ቆመሽ የገዢው ስምና ቲን በትክክል መጻፉንም እዪ። በደንበኛሽ ፋንታ በወንድሙ ስም የተቆረጠ ደረሰኝ በዚያው ወር ከተገኘ ሻጩ ያርምልኛል ይባላል፤ ከዓመት በኋላ ግን ማን ያርመዋል?

የደረጃ "ሀ" ግብር ከፋይ (ሽያጩ ከፍ ያለ ነጋዴ) በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ካለቀ እስከ ጥቅምት 30 አራት ወር አለው። አንቺ የራስሽን ቀን መስከረም 20 አድርጊው። ከዚያ በኋላ ለሚመጣ ዋጋው እንደሚጨምር በውሉ ላይ ጻፊ። ውል ስልሽ ለዘመድም ጭምር ነው፤ ግማሹን ክፍያ ቀድመሽ ተቀበዪ። ማሳወቂያው ከገባ በኋላ "ነገ እሰጥሻለሁ" የሚለው ብዙ ነው። በጥቅምት አንድ አጥንት ይባል የለ፤ አንቺም በዚያ ውርጭ ሞቅ ያለ ነገር በልተሽ በጊዜ መተኛት ይገባሻል።

ጥያቄ፦ ሸዋ ሮቢት ሽንኩርትና ቲማቲም እነግዳለሁ። ሂሳብ ሠሪዬ ቀኑን አሳልፎብኝ ቅጣት መጣ። ማነው የሚከፍለው? ደግሞ ከገበሬ የገዛሁት ደረሰኝ የለውም ተብሎ ወጪዬ ውድቅ ሆነ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ በግብር ቢሮው ፊት ዕዳው የአንተ ነው። ቲኑ የአንተ ነዋ። ከሂሳብ ሠሪህ ጋር ያለው ሌላ ጉዳይ ነው፤ ወረቀቱን በጊዜ ሰጥተኸው እሱ ከረሳው በውላችሁ መሠረት ልትጠይቀው ትችላለህ። ግን መቼ እንደሰጠኸው የሚያሳይ ነገር አለህ? ከእንግዲህ ስታስረክብ አንድ ወረቀት ላይ አስፈርመው። ለሁለታችሁም ይበጃል።

ውድቅ የሆነውን ወጪ በተመለከተ ዝም ብለህ አትቀመጥ። በፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ 983/2008 ቅሬታ የሚቀርበው ውሳኔው በደረሰህ በ21 ቀን ውስጥ ነው። ዛሬውኑ ወረዳህ ገቢዎች ሄደህ ስንት ቀን እንደቀረህ አረጋግጥ። ለወደፊቱ ደግሞ ገበሬ ደረሰኝ የለውምና በግብር ቢሮህ አስፈቅደህ የምታሳትመው የግዥ ቫውቸር አለ። የሻጩን ስም፣ ቀበሌውን፣ ኪሎውን፣ ዋጋውን ማሳው ዳር እያለህ ጻፍ፤ አስፈርም። ማታ ቤት ገብተህ ከትዝታ የምትሞላው ቫውቸር ከመኪናው ጭነት ጋር አይገጥምም። ከተቻለም ክፍያውን በባንክ አድርግ።

ጥያቄ፦ መሐል ሜዳ በአንድ የግል ትምህርት ቤት እሠራለሁ። ደመወዜ 12,000 ብር ነው፣ ግብር 2,700 ይቆረጥብኛል። ልክ ነው?

መልስ፦ ልክ አይደለም። እሱ የድሮው ስሌት ነው። በ2017 የወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395 ከግብር ነፃ የሆነውን ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ አድርጎታል። በአዲሱ ሰንጠረዥ ከ10,000 በላይ እስከ 14,000 ላለ ደመወዝ በ30 በመቶ አባዝተህ 1,350 ትቀንሳለህ። የአንተ 3,600 ሲቀነስ 1,350፣ ማለትም 2,250 ብር ነው። በየወሩ 450 ብር በትርፍ ተቆርጦብሃል። ሂሳብ ክፍሏን ልጅ አትቆጣት፤ የድሮው ኤክሴል ላይ ያለውን ቀመር ሳትቀይረው ቀርታ ይሆናል። የደመወዝ ወረቀቶችህን ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ሰብስበህ ስጣትና ትርፉ እንዲስተካከልልህ በጽሑፍ ጠይቅ። ጡረታው 7 በመቶ ለብቻው ነው፤ እሱን ከግብሩ ጋር አትደምረው። ባልደረቦችህንም ንገራቸው፤ ያው ኤክሴል ነው የሁላችሁንም የሚያሰላው።