መብራት ሲመለስ ኮምፒውተር ለምን ይቃጠላል?

ጥያቄ፦ የማስተምረው ፍኖተ ሰላም ነው። ቤቴ ውስጥ ፈተና የማዘጋጅበትና የተማሪ ውጤት የምይዝበት ዴስክቶፕ ኮምፒውተር አለኝ። ባለፈው ሐምሌ ዝናብ እየጣለ መብራት ሄደ። ማታ ሲመለስ አምፖሉ ከወትሮው በላይ ቦግ አለና ከኮምፒውተሩ “ጧ” የሚል ድምፅ ወጣ፤ የተቃጠለ ነገርም ሸተተኝ። ኮምፒውተሩ የተሰካው ቀይ መብራት ባለው ዲቫይደር ላይ ነበር፤ ሻጩ “ይሄ ይከላከላል” ብሎኛል። አሁን ግማሹ ስታቢላይዘር (ቮልቴጅ የሚያስተካክለውን) ግዛ ይለኛል፣ ግማሹ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየውን)። ፋይሎቼስ ጠፉ ማለት ነው?

መልስ፦ መምህር፣ ስለ ፋይሎቹ ብዙ አይጨነቁ። ጧ ብሎ መሽተቱ አብዛኛውን ጊዜ የፓወር ሰፕላይ፣ ማለትም ከሶኬቱ የሚመጣውን ኮረንቲ ለኮምፒውተሩ የሚያመቻቸው ሣጥን፣ ጉዳት ነው፤ ፋይሎቹ ያሉበት ሃርድ ዲስክ በብዛት ይተርፋል። ብቻ “እስቲ ልሞክረው” ብለው መልሰው እንዳይሰኩት። ባለሙያ ሃርድ ዲስኩን ነቅሎ በሌላ ኮምፒውተር ይይልዎት፤ ከጥገናው በፊት የልጆቹን ውጤት ይገልብጡ።

እኔ እዚህ ደብረ ማርቆስ ኮምፒውተር እጠግናለሁ፤ ክረምት በገባ ቁጥር ጠረጴዛዬን የሚሞላው ይሄው ዓይነት ብልሽት ነው። ፓወር ሰፕላዩን ስከፍት መጀመሪያ የማየው ፊውዙን ነው። መስታወቱ ጥርት ብሎ ቀጭኗ ሽቦ ብቻ ከተበጠሰች ነገሩ ቀላል ሊሆን ይችላል። መስታወቱ ከውስጥ ከጠቆረ ግን ከባድ ኮረንቲ ባንዴ አልፎበታል። ከፊውዙ አለፍ ብሎ የባቄላ ፍሬ የምታህል ጠፍጣፋ ክብ ዕቃ ትኖራለች፤ ቫሪስተር ይሏታል። ቮልቴጁ ከልክ ሲያልፍ ኮረንቲውን በራሷ በኩል አሳልፋ ፊውዙን ታስበጥሳለች። እሷን ተሰንጥቃ ሳገኛት ደስ ይለኛል፤ ማዘርቦርዱ፣ ዋናው ሰሌዳ፣ የመትረፍ ዕድሉ ሰፊ ነው።

የዲቫይደርዎ ቀይ መብራት ኮረንቲ መኖሩን እንጂ ሌላ ነገር አትነግርዎትም። መከላከያ ያለው ዲቫይደር ውስጡ ያችው ቫሪስተር ናት ያለችው፤ ስንት ጁል (የኃይል መለኪያ ነው) እንደሚችልም ተጽፎበት ይሸጣል። ያልተጻፈበትን እንደ ተራ ማከፋፈያ ይቁጠሩት። ቫሪስተር በተመታች ቁጥር ስለምትደክም ዓመታት ያገለገለውንም አይመኑት። ደግሞ ብዙ ቤት ሶኬቱ የመሬት ሽቦ መያዣ ብረት አለው፣ ከኋላው ግን የተያያዘ ሽቦ የለም። እንዲህ ባለ ቤት ጥሩ መከላከያ እንኳ ሥራውን ግማሽ ነው የሚሠራው። ኤሌክትሪሻን ጠርተው ያስለኩ።

ከጻፉልኝ ሁሉ ያሳሰበኝ ግን የአምፖሉ ቦግ ማለት ነው። ቤታችን የሚገባው 220 ቮልት በአንድ ፌዝ (ኮረንቲ በሚያመጣው ሽቦ) እና በኒውትራል (በመመለሻው ሽቦ) መካከል ያለው ነው፤ በሁለት ፌዞች መካከል 380 ይደርሳል። ምሰሶው ላይ ወይም ወደ ቆጣሪው በሚመጣው መስመር የኒውትራሉ መጋጠሚያ ከላላ፣ ቤትዎ ከ220 በላይ ወደ 380 እየተጠጋ ሊገባበት ይችላል። ምልክቱ ይሄ ነው፦ ቤት ውስጥ ምጣድ ሲሰኩ አምፖል ደብዘዝ ማለቱ የተለመደ ነው። የእርስዎ ወይም የጎረቤት ምጣድ ሲሰካ መብራትዎ ከደመቀ ግን ዋናውን ብሬከር ወዲያው ያጥፉና ለመብራት ሠራተኞች ይደውሉ። አደራ፣ ይሄን ለጎረቤትዎም ይንገሩ፤ ቤት የሚያቃጥል ነገር ነው።

እንዲህ ያለውን ቫሪስተር አይችለውም፤ እሷ የተሠራችው ለቅጽበት ነው። የሚያስፈልግዎት ቮልቴጁ ከልክ ሲወጣ ወይም ሲወርድ የሚቆርጥ፣ ሲስተካከልም ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚለቅ መከላከያ ነው። ለፍሪጅ ተብሎ የሚሸጠው ዓይነት ለኮምፒውተርም ያገለግላል። እኔ ብሆን ገንዘቤን መጀመሪያ እሱ ላይ ነው የማውለው። ከዚያ ዩፒኤስ፣ የጀመሩትን ሥራ ሴቭ አድርገው እንዲዘጉ፤ ባትሪው በጥቂት ዓመት እንደሚደክም ግን ይወቁ። ስታቢላይዘር የሚጠቅመው ማታ ማታ ቮልቴጅ ለሚወርድበት ሰፈር ነው፤ ለድንገተኛ ምት ዘገምተኛ ነው።

መብረቅን ግን ከእነዚህ አንዱም አያቆመውም። ደመናው ሲከብድ፣ ነጎድጓዱ ገና ሩቅ ሳለ ስፒናውን ይንቀሉ፤ የኢንተርኔት ገመዱንና የዲሹን ገመድም ጭምር፣ መብረቅ በዚያም ይገባልና። አናትዎ ላይ ከደረሰ በኋላ ግን ምንም ሽቦ አይንኩ። መብራት በሄደ ጊዜም እንዲሁ ይንቀሉ፤ ሲመለስ አምፖሉ ረግቶ ጥቂት ደቂቃ እስኪቆይ ይታገሱ።

አዲስ ፓወር ሰፕላይ ሲያስገቡ ደግሞ ጀርባውን ይዩ። አንዳንዱ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማዞሪያ አለው። 115 ላይ ሆኖ ከተሰካ እዚያው ይፈነዳል፤ ከመሰካትዎ በፊት 230 ላይ ያድርጉት።