የማር እንጀራ ዓይን ስድስት ጎን የሆነበት ምክንያት

ጥያቄ፦ የማር እንጀራ ዓይኖች ሁሉ ስድስት ጎን ያላቸው ለምንድን ነው? ክብ ቢሆኑ ምን ይጎድላል? ንቧስ ማዕዘኑን በምን ትለካዋለች?

መልስ፦ ጉዳዩ ሰም መቆጠብ ነው። ሰም ከሠራተኛ ንብ ሆድ ሥር ካሉ 8 ዕጢዎች በስስ ቅርፊት መልክ የሚወጣ ሲሆን ለአንድ ኪሎ ሰም ንቦቹ በርካታ ኪሎ ማር ይበላሉ።

ጎኖቻቸውም ማዕዘኖቻቸውም እኩል ሆነው ክፍተት ሳይተዉ የሚገጣጠሙ ቅርጾች ሦስት ብቻ ናቸው። ስፋቱ 1 ካሬ ሴንቲሜትር የሆነ ዓይን ዙሪያው ባለሦስት ጎን ከሆነ 4.56፣ ባለአራት ከሆነ 4፣ ባለስድስት ከሆነ 3.72 ሴንቲሜትር ይመጣል። ክብ 3.54 ብቻ ነውና ይሻላል የሚል ይኖራል። አይሻልም። ሰባት እኩል ሳንቲሞች ወስደው አንዱን መሃል ላይ፣ ስድስቱን ዙሪያውን ይደርድሩ። ልክ ይገጥማሉ፤ ግን የሚነካኩት በነጥብ ብቻ ነው። እንዲህ ሲደረደሩ ከቦታው 9 በመቶ ያህሉ ባዶ ይቀራል፣ እያንዳንዱ ክብም የራሱ ግድግዳ ያስፈልገዋል። ባለስድስት ጎኑ ግን ግድግዳውን ሁሉ ከጎረቤት ጋር ስለሚጋራ ለአንዱ ዓይን የሚደርሰው 1.86 ብቻ ነው። ከማንኛውም ቅርጽ ይህ እንደሚቆጥብ በሒሳብ ያረጋገጠው ቶማስ ሄልስ ነው፣ በ1999 እ.ኤ.አ.።

የዓይኑ ወለል ደግሞ ጠፍጣፋ አይደለም። እንጀራው በሁለቱም ፊቱ ዓይን አለው፤ ወለሉም አራት ጎኖቻቸው እኩል ከሆኑ ሦስት ሰያፍ ሰሌዳዎች የተገጣጠመ ስለሆነ አንዱ ዓይን ከጀርባው ባሉ ሦስት ዓይኖች ላይ ያርፋል። ፍጹም ነው ማለት ግን ማጋነን ነው፤ በ1964 እ.ኤ.አ. የሒሳብ ሊቁ ላስሎ ፌየሽ ቶት በጥቂቱ የበለጠ የሚቆጥብ ወለል እንዳለ አሳይቷል።

ልኬቱን በተመለከተ፣ ገና የተጀመረ ዓይን ክብ ይመስላል። በሁለቱም በኩል የሚሠሩት ንቦች ግድግዳውን በመንጋጋቸው ሲልጡት ይቀጥናል፣ ይቀናል፤ 0.07 ሚሊሜትር ያህል ይደርሳል። ሦስት ግድግዳዎች የሚገናኙበት ቦታ ወደ 120 ዲግሪ ይጠጋል። ሙቀት ያለሰለሰው ሰም ራሱ ይሳባል ወይስ ሥራው ሁሉ የንቦቹ ነው በሚለው ላይ ባለሙያዎች ዛሬም ይከራከራሉ።

«ሁሉ» ያሉት ግን አይሠራም። የሠራተኛ ዓይን 5 ሚሊሜትር ገደማ፣ የድንጉላ (የወንዱ ንብ) ከ6 በላይ ስለሆነ፣ ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ ባለ5 እና ባለ7 ጎን ዓይኖች ይገባሉ። የንግሥቲቱ ቤት ደግሞ እንደ ለውዝ ቅርፊት ተንጠልጥሎ ይሠራል።

ጥያቄ፦ የታተመ ሰም (የዓይን ቅርጽ የታተመበት የሰም ሉህ) አስገብቼ ንቦቹ ከላይ በኩል ትልልቅ ዓይን ሠሩ። ለምን?

መልስ፦ ሰሙ ሞቆ ስለተሳበ ይመስላል። ሰም የሚቀልጠው ከ62 ዲግሪ ሴልሺየስ ጀምሮ ቢሆንም ከዚያ በጣም ቀድሞ ይለሰልሳል። ክብደቱ ወደ ታች ሲጎትተው የላይኛው ኅትመት ይለጠጣል፣ ንቦቹም የድንጉላ ቤት ያደርጉታል። ሰሙን በፍሬሙ (እንጀራው በሚሠራበት የእንጨት ክፈፍ) ላይ በአግድም በተወጠረ ሽቦ ያስይዙት፤ ቀፎውንም ፀሐይ እንዳይመታው ያጥሉለት። ቀፎው ወደ ጎን ያዘነበለ እንዳይሆንም በውሃ ልክ ይፈትሹ፤ ንቦች እንጀራውን ቀጥ አድርገው ወደ ታች ስለሚያወርዱት በዘመመ ቀፎ ውስጥ ከፍሬሙ ይወጣል።